መስማት ይቀድማል



አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። መቀነቱን ቆሞ ያላጠበቀ ሰው ኋላ በመንገድ ላይ ይፈታበታል፤ ሩጫውም ይሰናከልበታል። ይህ ምሳሌ ስለ ዕለት ኑሮ የተነገረ ቢሆንም ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ታላቅ ትምህርት አለው። ብዙዎቻችን ለእግዚአብሔር ለመሥራት እንሮጣለን፤ ከመሮጣችን በፊት ግን እርሱ ምን እንደሚፈልግ ለመስማት ጥቂት እንኳ አንቆምም። ስለዚህም በመንፈስ የጀመርነው ሥራ በመካከሉ ይፈታብናል፤ አንዳንዱ በጠብ፣ አንዳንዱ በመሰላቸት፣ አንዳንዱም በኩራት ያልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በክርስትና ሕይወት ከሥራ በፊት መስማት የሚቀድም መሆኑ ነው። ይህን ስንል የምንናገረው ስለ ክፉ ሥራ አይደለም። ክፉውን ለመተው ዐሥርቱ ትእዛዛት ይበቁናል። የምንናገረው ስለ መልካም ሥራ ነው። መልካም መስሎ የታየን፣ እንዲያውም በእውነት መልካም የሆነ ሥራ ሁሉ እግዚአብሔር ከእኛ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ስፍራ የሚፈልገው ሥራ ነውን? ጥያቄው ይህ ነው። ክፉ አሳብ በመልኩ ስለሚታወቅ እንጠነቀቀዋለን፤ መልካም አሳብ ግን ልባችንን ደስ ስለሚያሰኝ ሳንመረምረው ተሸክመነው እንነሣለን።

ዳዊት ሊሠራው ያሰበው ቤት

ይህን ከሚያስተምሩን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች አንዱ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 7 የተጻፈው ነው። ንጉሥ ዳዊት ከጠላቶቹ ዐርፎ በዝግባ ቤት በተቀመጠ ጊዜ የእግዚአብሔር ታቦት ገና በድንኳን ውስጥ መኖሩን አይቶ ልቡ ተነካ፤ ለእግዚአብሔርም ቤት ሊሠራለት አሰበ። ከዚህ የበለጠ ምን መልካም አሳብ አለ? አሳቡንም ለነቢዩ ለናታን ገለጠለት። ነቢዩም እግዚአብሔር ከንጉሡ ጋር መሆኑን ያውቅ ነበርና ሳይዘገይ ፈቃዱን ሰጠ።

እንግዲህ ልብ እንበል። አሳቡ ቅዱስ ነው፤ አሳቢው እግዚአብሔር የወደደው ንጉሥ ነው፤ የመከረውም እውነተኛ ነቢይ ነው። ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ራሱ አልተጠየቀም። በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣ፤ ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ከእርሱ የሚወለደው ልጅ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ለዳዊት ቤት የሚሠራለት እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተነገረው። የመሲሑ ተስፋ የተመሠረተው በዚህ ቃል ላይ ነው። ዳዊት ሳይሰማ ሥራውን ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ለእግዚአብሔር ሊሰጠው ስላሰበው ነገር እየደከመ፣ እግዚአብሔር ሊሰጠው ያሰበውን የሚበልጠውን ስጦታ ሳይሰማ ባለፈ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናደንቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የናታን ትሕትና ነው። ትናንት በቀን የተናገረውን ቃል በማግሥቱ ሊለውጠው አላፈረም። መካሪዎች፣ አባቶች፣ መምህራን የሆንን ሁላችን ከእርሱ እንማር። የምክራችን ክብር ከአፋችን አንድ ጊዜ በመውጣቱ ሳይሆን ከእግዚአብሔር በመሆኑ ነው። ሁለተኛው የዳዊት መታዘዝ ነው። ንጉሡ መልሱን በሰማ ጊዜ አልተቈጣም፤ ነገር ግን ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠና ጸለየ። ለመሥራት ተነሥቶ የነበረው ሰው ተቀመጠ! ከዚያም በኋላ እጁን አጣጥፎ አልቀረም፤ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 22 እንደሚተርክልን ልጁ ሰሎሞን ለሚሠራው ቤት ድንጋዩን፣ ብረቱን፣ ናሱን፣ የዝግባውን እንጨት አዘጋጀ። የሰማ ሰው እምቢታ እንኳ ቢሰማ ሥራ አያጣም፤ የራሱ ያልሆነውን ሥራ ትቶ የራሱ የሆነውን ያገኛል።

ይኸው ዳዊት ቀደም ሲል በምዕራፍ 5 ፍልስጥኤማውያን በራፋይም ሸለቆ በተሰለፉበት ጊዜ እግዚአብሔርን ጠይቆ እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ ድልም አደረገ። ጠላቶቹ እንደ ገና በዚያው ሸለቆ በተሰለፉ ጊዜ «መልሱን አውቀዋለሁ» ብሎ አልወጣም፤ ዳግመኛ ጠየቀ። መልሱም ሌላ ሆነ፤ በፊት ለፊት ሳይሆን በስተኋላቸው ዞሮ እንዲመጣ፣ በዛፎቹም ራስ ላይ የእርምጃ ድምፅ እስኪሰማ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ጠላቱ ያው፣ ስፍራው ያው፣ የእግዚአብሔር ምክር ግን አዲስ ነበር። ዐምና የተሳካልን ሥራ ዘንድሮም በዚያው መንገድ ይሳካል ብለን ጸሎትን የምንተው ሁሉ ይህን እናስታውስ።

ምክር እንፈልጋለን ወይስ ማኅተም?

የኢያሱ መጽሐፍ በምዕራፍ 9 የሚነግረን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማና የተቀደደ የወይን አቁማዳ ይዘው፣ የሻገተ እንጀራም ስንቅ አድርገው ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ቀረቡ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አዩ፣ ታሪኩን ሰሙ፣ ነገሩም እውነት መሰላቸውና ቃል ኪዳን ገቡ። መጽሐፉ ጥፋታቸውን ባጭሩ ሲገልጸው እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ እንዳደረጉት ይናገራል። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው እንደ ሆኑ ታወቀ፤ መሐላው ግን ሊፈርስ አልቻለም።

ዐይን ያየው፣ እጅ የዳሰሰው ማስረጃ ሁሉ ነበራቸው። እኛስ ዛሬ እንዴት ነን? አንድ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሊልክ ሲያስብ ብዙ ማስረጃ ይሰበስባል። የጎረቤት ልጅ ገንዘብ ልካ የቆርቆሮ ቤት ማሠራቷ ይታያል፤ ደላላው ደመወዙን ይናገራል፤ ብድሩ ይገኛል፤ ፓስፖርቱ ይወጣል። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልጅቱ ወደ ካህኑ ትመጣና «አባ፣ ይባርኩኝ» ትላለች። ካህኑም ይባርካታል፤ መባረክም ይገባዋል። ነገር ግን ከውሳኔው በፊት እግዚአብሔርን የጠየቀ ማን ነው? ልጅቱን ራስዋን ልብሽ ምን ይላል ብሎ ያዳመጣት ማን ነው? መሄድ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ችግር ያለበት ቤት ምርጫው ጠባብ እንደ ሆነ እናውቃለን። የምንለው፣ የአንዲት ነፍስ መንገድ ሲወሰን የእግዚአብሔር ድምፅ ከደላላው ድምፅ በኋላ መምጣት የለበትም ነው።

በጋብቻም እንዲሁ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ተገዝቶ፣ ድግሱ ተጠንስሶ ካበቃ በኋላ ጸሎት እንጠይቃለን። በጥሪም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ካህን እንዲሆን በራሳቸው ወስነው ይሰጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ሴት ልጃቸው ወደ ገዳም ልግባ ስትል ጥሪዋን ሳይመረምሩ ይከለክሏታል። በሁለቱም ቤት ያልተጠየቀው እግዚአብሔር ነው።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ወደ እግዚአብሔር የምንቀርበው ምክሩን ፈልገን ነው ወይስ ማኅተሙን? ደብዳቤውን እኛው ጽፈን፣ እኛው ፈርመን ማኅተም ብቻ እንዲያደርግልን ወደ እርሱ የምንልክ ከሆነ ጸሎታችን ጸሎት አይደለም። እግዚአብሔር አባት ነው እንጂ የእኛን ውሳኔ መዝግቦ የሚያሳልፍ ጸሓፊ አይደለም።

የጌታችን አርአያ

የዚህ ሁሉ ፍጹም አርአያ ራሱ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ወንጌላዊው ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የቅፍርናሆምን አንድ ቀን ይተርክልናል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከተማይቱ ሁሉ በደጅ ተሰብስባ ድውያንን አመጣችለት፤ እርሱም ብዙዎችን ፈወሰ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደና በዚያ ጸለየ። ጴጥሮስና ጓደኞቹ ተከትለው ሲያገኙት ሰው ሁሉ እንደሚፈልገው ነገሩት። በእኛ አእምሮ ቢሆን ሥራው በዚያው ነበር፤ ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ በሽተኞቹ አሉ፣ ዝናውም ወጥቷል። ጌታችን ግን ወደ ሌሎች መንደሮች መሄድ እንዳለበት ተናገረ፤ የመጣው ለዚህ ነውና። የሕዝቡ ፍላጎት እውነተኛ ፍላጎት ነበር፤ ነገር ግን የኢየሱስን መንገድ የወሰነው በጎሕ የሰማው የአብ ፈቃድ ነበር እንጂ የሕዝቡ ጩኸት አልነበረም። ሉቃስም በምዕራፍ 6 ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከመምረጡ በፊት ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት እንዳሳለፈ ይነግረናል። የእግዚአብሔር ልጅ ከመምረጡ በፊት አንድ ሌሊት ከጸለየ፣ እኛ የማኅበር አለቃ ስንመርጥ አንዲት «አባታችን ሆይ» ብለን መጀመራችን ይበቃልን?

በቢታንያ ቤት የሆነውንም ሁላችን እናውቀዋለን (ሉቃ. 10፥38-42)። ብዙ ጊዜ ማርታን እንወቅሳታለን፤ ይህ ግን ተገቢ አይደለም። እንግዳን መቀበል በእኛም አገር ክቡር ነገር ነው፤ ማርታ ያገለገለችው ጌታን ነው። የጌታችን ተግሣጽ በአገልግሎትዋ ላይ ሳይሆን በመጨነቅዋና በመታወክዋ ላይ ነው። አገልግሎትዋ ከመስማት ስላልጀመረ እኅትዋን ወደ መክሰስ፣ እንግዳውንም ወደ ማዘዝ አደረሳት። ይህ ለእኛ መለኪያ ይሁነን። በቤተ ክርስቲያን እያገለገልን ሳለን ልባችን ሌሎች አይሠሩም በሚል ክስ ከተሞላ፣ ለእግዚአብሔርም ምን ማድረግ እንዳለበት መንገር ከጀመርን፣ መስማት አቁመናል ማለት ነው።

በቅዳሴአችን የተጻፈልን ሥርዓት

ቤተ ክርስቲያን ይህን እውነት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥርዓቷም ታስተምረናለች። በግእዙ ሥርዓት ስንቀድስ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ግብረ ሐዋርያት ይነበባሉ፤ ምስባክ ይሰበካል፤ ወንጌል ይነበባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ አኮቴተ ቁርባን የምንሻገረው። በላቲኑ ሥርዓትም የቃሉ ክፍል ከመሥዋዕቱ ክፍል ይቀድማል። ከመስማታችን በፊት አናቀርብም፤ ከመስማታችን በፊት አንቀበልም፤ ወደ ዓለምም የምንላከው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን መድረስን ልማድ ያደረገ ሰው የቅዳሴውን ሰዓት ብቻ አይደለም ያሳጠረው፤ ሳይሰማ ለመቀበል የሚቸኩል ልማድ በነፍሱ ላይ ያበቅላል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ያወጣው ድንጋጌ ሲጀምር ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ቃል ማወጅዋን ከመጥቀሱ በፊት በአክብሮት መስማትዋን ይጠቅሳል። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ የምንኵስና ሕግ፣ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ብዙ ገዳማት ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተመሩበት መጽሐፍ፣ የሚጀምርበት የመጀመሪያው ቃል መስማትን የሚያዝ ቃል ነው። በዚያ ሕግ የኖሩት መነኮሳት ምድሩን በማረስ፣ መጻሕፍትን በመገልበጥ፣ እንግዳን በመቀበል ብዙ ሥራ የሠሩ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ከመስማት የተነሣ ነበር።

በሀገራችን ታሪክ የምናገኛቸው አድማጮች

ወንጌል ወደ ሀገራችን ሰው የደረሰበት የመጀመሪያው ታሪክ ራሱ የመስማት ታሪክ ነው (የሐዋ. ሥራ 8፥26-40)። ዲያቆኑ ፊልጶስ በሰማርያ ብዙ ሕዝብ እያስተማረ ሳለ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ እንዲሄድ ታዘዘ። በሰው ስሌት ሕዝብ የሞላበትን ከተማ ትቶ ወደ ባዶ መንገድ መሄድ ኪሳራ ነው። ፊልጶስ ግን ሰምቶ ሄደ። የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሠረገላ ባየ ጊዜም ለስብከት አልቸኮለም፤ ቀርቦ ሰውየው የሚያነበውን አደመጠ፤ ከዚያም የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ያስተማረውም ከዚያው ከጃንደረባው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ ፊልጶስ ሁለት ጊዜ ሰማ፤ አስቀድሞ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎም እግዚአብሔር የላከውን ሰው። እነዚህ ሁለቱ አይለያዩም፤ ወንድሙን ለማዳመጥ ትዕግሥት የሌለው ሰው እግዚአብሔርን አዳምጫለሁ ቢል ራሱን ያታልላል።

በዚሁ መንገድ የሄደው አባታችን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ከኢጣልያ ወደ ሀገራችን በመጣ ጊዜ ይዞት የመጣው የአውሮፓን ልማድ ለማስለመድ መቸኰልን አልነበረም። ግእዙን፣ ዐማርኛውንና ትግርኛውን ለመማር ተቀመጠ፤ የሀገሩን ሰው አለባበስና አኗኗር ያዘ፤ የሀገሩን ሥርዓተ ጸሎት አከበረ። ሳይሰማ የሚያስተምር መልእክተኛ ራሱን እንጂ ክርስቶስን እንደማይሰብክ ያውቅ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1860 ዐረፈ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1975 ቅድስናውን አወጁ።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ደግሞ እናስብ። በጎጃም የተወለደ፣ መጻሕፍትን የመረመረ ሊቅና መነኵሴ ነበር። ከአቡነ ዮስጢኖስ ጋር በ1841 እስከ ሮም በተጓዘበት ጊዜ ብዙ አየ፤ ብዙም ሰማ። ይሁን እንጂ ወዲያው አልወሰነም። ከተመለሰ በኋላ መጠየቁን፣ መመርመሩንና መጸለዩን ቀጠለ፤ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገባው በ1844 ሲሆን ዕድሜው ከኀምሳ ዓመት በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ አላለም፤ በ1855 በእስራት ሳለ ሕይወቱን እስከ መስጠት ጸና። በችኰላ የተያዘ እምነት በችግር ቀን ይለቀቃል፤ ለረጅም ጊዜ በማዳመጥ የተያዘ እምነት ግን ሰንሰለት አያላላውም።

መስማት የስንፍና ስም አይደለም

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። እስካሁን የተናገርነውን ሰምቶ «እንግዲያውስ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እስካውቅ ድረስ ምንም አልሠራም» የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አልተረዳውም። እግዚአብሔር አስቀድሞ የተናገረባቸው ነገሮች አሉ። የተራበ በደጃችን ሲቆም ላብላው ወይስ አላብላው ብለን ሱባኤ አንገባም፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 መልሱን ሰጥቶናል። የበደልነውን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ፣ የሠራተኛን ደመወዝ በጊዜው ለመክፈል፣ ለታመመ ወላጅ ለማዘን ልዩ ራእይ አንጠብቅም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርዱ በወንበዴዎች የተደበደበውን ሰው አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ወደ ጸሎት ይሁን ወደ ቤታቸው ይሄዱ እንደ ነበር አልተነገረንም፤ የተነገረን አይተው ማለፋቸው ነው።

በዕብራውያን ቋንቋ መስማትና መታዘዝ የሚገለጡት በአንድ ቃል ነው። በእኛም ዘንድ አባት ልጁን «አትሰማም ወይ?» ሲለው ጆሮህ አይሠራም ወይ ማለቱ አይደለም፤ አትታዘዝም ወይ ማለቱ ነው። ስለዚህ ሰምቶ የማይነሣ ሰው አልሰማም። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የመልአኩን ቃል ሰማች፣ ያልገባትን በትሕትና ጠየቀች፣ ፈቃድዋን ሰጠች፤ ወዲያውም ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር ወደ ኤልሳቤጥ በፍጥነት ሄደች። ፍጥነትዋ ከመስማት በኋላ የመጣ ስለ ሆነ ለኤልሳቤጥ ቤት ደስታን ይዞ ገባ።

እንዴት እንስማ?

ብዙ ምእመናን «እግዚአብሔር እንዴት ይናገረኛል? ድምፁን እንዴት ዐውቃለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብላቴናው ሳሙኤል እንኳ በመቅደስ ተኝቶ ሳለ ሦስት ጊዜ ድምፁን የዔሊ ድምፅ መስሎት ሮጧል፤ ዔሊ ተመልሶ እንዲተኛና እንዲያዳምጥ እስኪነግረው ድረስ አልለየውም (1ሳሙ. 3)። ስለዚህ መስማት የሚለመድ ነገር ነውና አባቶች ካስተማሩን ጥቂቱን እናንሣ።

አስቀድመን ጥያቄያችንን መልሱን ሳንወስን በእግዚአብሔር ፊት እናኑር። «ይህን ሥራ አሳካልኝ» ከማለታችን በፊት «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሥራ ትፈልገዋለህን?» እንበል። እውነተኛ ጥያቄ ማለት ሁለቱንም መልስ ለመቀበል የተዘጋጀ ጥያቄ ነው።

ቀጥለን ቃሉን እናንብብ። ለዕለቱ ከተመደበው ንባብ ጥቂት ቍጥሮችን በዝግታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እናንብብና ዝም እንበል። ዐሥር ደቂቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። በዚያች ሰዓት ስልካችን ይዘጋ፤ ሬድዮውም ይጥፋ። በዚህ ዘመን ዝምታ እንደ ውኃ በክረምት ከሰማይ አይወርድም፤ ጕድጓድ ቆፍረን የምናወጣው ሆኗል። እግዚአብሔር ለነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ በዐውሎ ነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ ሳይሆን በለሆሳስ ድምፅ እንደ ተገለጠለት እናስብ (1ነገ. 19፥11-13)።

ሦስተኛ ምክር እንጠይቅ። የንስሓ አባታችንን፣ የትዳር ጓደኛችንን፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሽማግሌ እንጠይቅ። የምንጠይቃቸውም የሚስማማንን የሚነግሩንን ብቻ መርጠን አይሁን። ከእግዚአብሔር ትእዛዝና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የሚቃረን አሳብ ግን፣ ማንም ቢመክረን፣ ከእግዚአብሔር አይደለም።

አራተኛ የልባችንን ፍሬ እንመልከት። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት በመድፍ ጥይት ቈስሎ በቤቱ ተኝቶ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ዓለማዊ ክብር ሲያስብ ደስ ይለው ነበር፤ በኋላ ግን ልቡ ደርቆ ይቀር ነበር። የቅዱሳንን ፈለግ ስለ መከተል ሲያስብ ደግሞ ደስታው አሳቡ ካለፈ በኋላም አብሮት ይሰነብት ነበር። እኛም አንድን አሳብ በጋለ ስሜት በተቀበልንበት ሰዓት ብቻ አንፍረደው፤ ከሳምንት በኋላ በልባችን ሰላም ትቶ ወይስ ሁከት ትቶ እንደ ሆነ እንመርምር። ይኸው ቅዱስ ልባችን በጨለመበትና ባዘነበት ጊዜ ቀድሞ በሰላም የወሰነውን እንዳንለውጥ ያስተምረናል። በቍጣ ቀን የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ በኀዘን ቀን የተነገረ የፍቺ ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን።

በመጨረሻም ከሰማን በኋላ እንነሣ፤ ማታ ደግሞ ቀኑን በእግዚአብሔር ፊት እንመልሰው። ዛሬ የት ሰማሁት? የትስ ሳልሰማው አለፍሁ? ብለን እንጠይቅ። ጠይቀን ምንም መልስ ያላገኘን ሲመስለንም ተስፋ አንቍረጥ። እግዚአብሔር ዝም ባለበት ጊዜ በእጃችን ያለውን የዕለት ግዴታ በታማኝነት እንፈጽም፤ ሳሙኤል በተጠራበት ሌሊት የተኛው በአገልግሎት ስፍራው ነበር።

በቁምስናችንና በማኅበራችን

ይህ ትምህርት ለእያንዳንዱ ሰው ብቻ ሳይሆን ለማኅበርም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ቃሉን ሊናገሩ ቢያስቡ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው፤ ወደ ቢታንያም ሊሄዱ ሞክረው አልተፈቀደላቸውም፤ በጢሮአዳ ግን በሌሊት ራእይ ወደ መቄዶንያ ተጠሩ (የሐዋ. ሥራ 16፥6-10)። በሮች ሲዘጉባቸው በኀይል አልሰበሯቸውም። ወንጌል ወደ አውሮፓ ምድር የተሻገረው በተዘጉት በሮች ምክንያት ነው።

በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ተጀምሮ በጥቅምት 2024 በሮም የተፈጸመው ሲኖዶስ ለዓለም ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይህን ልምድ አስታውሷል። በጉባኤው ብፁዓን ጳጳሳት፣ ካህናት፣ ደናግልና ምእመናን በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱ በተራው ይናገር ነበር፤ ከዚያም በዝምታ ይጸልዩ ነበር። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ የሚናገረው የራሱን አሳብ ለመከላከል ሳይሆን ከሌላው ሰምቶ ልቡን የነካውን ነበር። ይህን በቁምስና ምክር ቤታችን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። አጥር ለማጠር፣ አዳራሽ ለመሥራት፣ የመዘምራንን ጠብ ለመዳኘት ስንሰበሰብ ከመናገራችን በፊት ወንጌል እናንብብ፤ አምስት ደቂቃ ዝም እንበል፤ በኋለኛው ወንበር የተቀመጡት እናቶች ሳይናገሩም ጉባኤውን አንዝጋ። እግዚአብሔር በዔሊ ቤት ሊናገር የፈለገውን የገለጠው ለብላቴናው ነበርና፣ ማንም ከማይጠይቀው ሰው አፍ ምክሩ ሊመጣ ይችላል።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ሩብ ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንያዝ። ልንጀምረው ካሰብነው ሥራ፣ ልንወስነው ከተቃረብን ነገር አንዱን እንምረጥና፣ ገና ያልታተመ ደብዳቤ አድርገን በእግዚአብሔር ፊት እናስቀምጠው። አንድ ሳምንት በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ በዝምታ እንጠይቅበት። «ሂድ» ቢለን ሳንዘገይ እንሂድ፤ «ቆይ» ቢለን እንደ ዳዊት በፊቱ እንቀመጥ፤ ሥራው ለሌላ የተሰጠ ከሆነም ለሚሠራው ሰው ድንጋዩንና እንጨቱን እናዘጋጅለት።

ለነቢያት የተናገርህ፣ በመጨረሻም በልጅህ የተናገርኸን አምላካችን ሆይ፣ ከብዙ ድምፅ መካከል ድምፅህን የሚለይ ጆሮ ስጠን። ስንቸኵል አስቁመን፤ ስንሰንፍ አስነሣን። የሰማነውን ለመፈጸም ኀይል እንድናገኝ፣ ሰምታ የጠበቀችው የእናታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ጸሎት፣ የቅዱስ ዮስጢኖስና የብፁዕ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።